በንጉሥ ማዕድ የተቀመጠው ሽባ

ዳዊት መንግሥቱ ከጸናለት በኋላ ከሳኦል ቤት በሕይወት የቀረ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀ። በዘመኑ ልማድ ይህ የሚያስፈራ ጥያቄ ነበር፤ አዲስ ንጉሥ የቀድሞውን ንጉሥ ዘር የሚያስፈልገው ሊያጠፋው ነውና። በእኛም አገር ነገሥታቱ ተፎካካሪ ዘመዶቻቸውን በአምባ ግሼን፥ በኋላም በወህኒ አምባ ያኖሩ ነበርና ይህን ፍርሃት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የዳዊት አሳብ ግን ሌላ ነበር፤ የእግዚአብሔርን ቸርነት ሊያደርግለት ፈለገ። «የእኔን ቸርነት» አለማለቱን አንባቢ ልብ ይበል።

የተገኘው የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ነው። አባቱና አያቱ በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ የ5 ዓመት ሕፃን ነበር፤ ሞግዚቱ አንሥታው ስትሸሽ ወድቆ ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ። ከዚያም በሎዶባር በማኪር ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። አያቱ ሳኦል ዳዊትን በጦር ሊወጋው የሞከረ፥ በምድረ በዳም ያሳደደው ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በንጉሡ ዘንድ የሚቈጠርለት ውለታ የለውም፤ ወደ ፊትም ዘምቶ ውለታ የሚመልስበት እግር የለውም። በንጉሡ ፊት ተደፍቶ ራሱን ከሞተ ውሻ ጋር ማስተካከሉ ስለዚህ ነው።

ንጉሡ የሳኦልን መሬት ሁሉ መለሰለት፤ ሲባንም ከ15 ልጆቹና ከ20 አገልጋዮቹ ጋር እንዲያርስለት አዘዘ። ይህ ብቻውን ትልቅ ስጦታ ነበር። ዳዊት ግን ከዚህ አልፎ ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ ሆኖ ዘወትር በማዕዱ እንዲበላ አደረገው። መሬት ከሩቅ ሊሰጥ ይችላል፤ በአንድ ማዕድ መቀመጥ ግን የጠላትን የልጅ ልጅ ፊት ዕለት ዕለት ማየት ነው።

አንዳንዶች ዳዊት ይህን ያደረገው ለዮናታን የገባውን መሐላ ለመፈጸም ብቻ ነው ይላሉ። መሐላው እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ነገሩን ወደ እኛ ይበልጥ ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። ሜምፊቦስቴ የተማረው ስለ ሌላው ሲባል ነው፤ እኛም የተማርነው ስለ ክርስቶስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች እንደ ጻፈው፥ ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው። ጾመን ንስሐም ገብተን ወደ ቅዱስ ቍርባን ስንቀርብ እንኳ ይገባናል ብለን አይደለም።

በየቤታችን ይህ ነገር የሚፈተነው በገበታ ነው። በርስት ሲካሰሰን የኖረ ወንድማችን ሞቶ ልጁ ወደ ደጃችን ቢመጣ፥ እንጀራ አንከለክለው ይሆናል። ነገር ግን የሚበላው ከልጆቻችን ጋር ነው ወይስ ብቻውን በማጀት? የአባቱንስ በደል በየጉርሻው እናነሣበት ይሆን? እመቤቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ከዓመታት በኋላ አቤሴሎም ባመፀ ጊዜ ሲባ ጌታውን በሐሰት ከሰሰው፤ ዳዊትም ሳይመረምር መሬቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠው። ተመልሶ እውነቱን ሲሰማም ለሁለት እንዲካፈሉት ፈረደ፤ ፍርዱ ለእኔ ጎዶሎ ይመስለኛል። ንጉሡ ከሄደባት ቀን ጀምሮ ጢሙን ያልቈረጠው፥ ልብሱንም ያላጠበው ሜምፊቦስቴ ግን አልተከራከረም። ጌታው በደኅና ወደ ቤቱ ተመልሶአልና ሲባ ሁሉንም ይውሰደው አለ።