የሚያስፈራ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ ሲሻገር



ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን ሕዝቡ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር ይታወቃል። በግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድና ሲስቅ ማየት የሰው ሥራ አልመሰለውም ነበርና ነው። ያ ፍርሃት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዳሩ ግን ሥዕል የሚያስፈራን ነገር ሲያሳየን ምን ይጨምርልናል፤ ምንስ ይወስድብናል ብሎ መጠየቅ ዛሬም ይገባል። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ደራሲ «በሌሊት አንድ ነገር በሩን አንኳኳ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ «አንድ ነገር» በእያንዳንዱ አንባቢ ልብ ውስጥ በልዩ ልዩ መልክ ይሣላል። የሲኒማ ሠሪው ግን መጨረሻ ላይ በሩን መክፈት አለበት፤ በከፈተም ጊዜ ለቆመው ነገር ፊት ሊሰጠው ግድ ይሆናል። በመጽሐፍና በሲኒማ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከዚህ ይጀምራል።

ለምሳሌ የስኮትላንዱ ተወላጅ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1886 ያሳተመውን የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ እንመልከት። በመጽሐፉ ውስጥ ሃይድን ያዩ ሰዎች ይጸየፉታል፤ ነገር ግን ጉድለቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ሲጠየቁ መናገር አይችሉም። የተከበረው ሐኪምና ክፉው ሃይድ አንድ ሰው መሆናቸውም እስከ መጨረሻው ተሰውሮ ይቆያል። ሩበን ማሙልያን በ1931 ባዘጋጀው ፊልም ግን ሃይድ ፀጉራም፣ ጥርሱ ያገጠጠና ዝንጀሮ መሰል ሆኖ ቀረበ። ሁለቱን ሰዎች ሆኖ የተጫወተው ፍሬድሪክ ማርች በዚሁ ሥራው የአሜሪካን የፊልም አካዳሚ ሽልማት አግኝቷል፤ ሥራውም በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ሆኖም መጽሐፉን ያነበበ ሰው «ክፋት በእኔም ውስጥ ይኖር ይሆን?» ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፣ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው «ክፉ ሰው መልኩ እንዲህ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ሜሪ ሼሊ በ1818 ያወጣችው «ፍራንከንስታይን» ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ወጣቱ ተመራማሪ ሰው መሰል ፍጡር ሠርቶ ነፍስ ከዘራበት በኋላ መልኩን አይቶ ይሸሸዋል። የተጣለው ፍጡር ከአንድ ቤተሰብ ጎረቤት ተደብቆ በቀዳዳ እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፤ መጻሕፍትም ያነባል። በመጨረሻም ከሠሪው ፊት ቆሞ «ለምን ፈጥረህ ጣልኸኝ?» የሚል ረጅም ክስ ያቀርባል። ከዚያ ቤተሰብ መካከል በደግነት የተቀበለው ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ የሚያዩት ልጆች በደረሱ ጊዜ ግን ወንድ ልጁ ደብድቦ አባረረው።

ጄምስ ዌል በ1931 ባዘጋጀው ፊልም ይህ ፍጡር አንደበት የለውም። ከዚህም በላይ የተሰጠው አንጎል የወንጀለኛ አንጎል ነው ተባለ። በዚህ አንድ ለውጥ የታሪኩ ፍርድ ተገለበጠ፤ በመጽሐፉ ጥፋቱ ፈጥሮ የጣለው ሰው ሲሆን፣ በፊልሙ ግን የተጣለው ፍጡር ከመነሻው ክፉ ሆኖ ተገኘ። ያው አዘጋጅ በ1935 ባወጣው ተከታይ ፊልም ለፍጡሩ ጥቂት ቃላትና አንድ ዓይነ ስውር ወዳጅ መስጠቱን ስናይ የጎደለው ነገር ምን እንደ ነበር እንረዳለን።

ሥዕል አዲስ እምነትም ይወልዳል። ብራም ስቶከር በ1897 በጻፈው «ድራኩላ» ውስጥ ደም መጣጩ መስፍን በቀን ብርሃን ይወጣል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። በፀሐይ ብርሃን እንዲጠፋ ያደረገው በ1922 በጀርመን የተሠራው «ኖስፌራቱ» የተባለው ፊልም ነው። ዛሬ ግን መጽሐፉን ያላነበበ ብዙ ሰው ይህ ከጥንት የመጣ ይመስለዋል።

አሁን ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። በጉራጌ ደጋ፣ በጉመር ወረዳ፣ በአረቅጥ ከተማ ቢሮ ከሚውለው የመንግሥት ሠራተኛ ብዙው በልጅነቱ ብርድ በበረታበት ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የጅብና የቡዳ ወሬ እየሰማ ያደገ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ነው። የሚጠረጠረውም ብዙ ጊዜ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ነው። በጉራጌም ምሰሶ የሚጠርበው የእንጨት ባለሙያ ስውር ኃይል አለው ተብሎ እየተፈራ በጋብቻና በመሬት ተገልሎ ለረጅም ዘመን ኖሯል። እንግዲህ ወሬው የሚወራበትን ቤት ምሰሶ ያቆመው፣ በወሬው የሚፈራው ሰው ራሱ ነው ማለት ነው።

ይህ ወሬ እሳት ዳር ሲነገር ጅቡ በጨለማ ውስጥ ይቀራል። ወደ ፊልም ሲሻገር ግን አንድ ተዋናይ ይመረጣል፤ ልብስም ይለብሳል፤ በእጁም መሣሪያ ይይዛል። ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚታየው ሰው መዶሻ ይዞ ከታየ፣ በማግስቱ ገበያ የሚወጣውን ቀጥቃጭ ሕዝቡ በምን ዓይን ያየዋል? ልጁስ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጎኑ ማን ይቀመጣል? ባህር ማዶ የተፈጠረው ፍጡር ተጎጂ ጎረቤት የለውም፤ የእኛ ወሬ ግን አለው።

ይህን ስንል የአገራችን ተረት በፊልም አይሠራ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ካሜራ በየወጣቱ እጅ በገባበት በዚህ ዘመን መሠራቱ አይቀርም፤ ቢሠራም መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፍን ከፊልም የሚያስተያይ ሰው «ይህ ተቀነሰ፣ ያ ተጨመረ» ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃውም። የሚፈራው ማን እንደሆነ፣ ፊቱ ከማን ፊት እንደ ተወሰደ፣ አንደበትስ ተሰጥቶት እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። የሜሪ ሼሊ መጽሐፍ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም የሚነበበው የሚፈራውን ፍጡር ስላስፈራን ብቻ ሳይሆን ስላናገረውም ነው። ያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እንግዳውን በደግነት የተቀበለው መልኩን አይቶ ሳይሆን ቃሉን ሰምቶ ነበር።