የቁጥር ብዛትና የሰፊው ሕዝብ ድምፅ

ስታቲስቲክስ የጥቂት ምሁራን ርስት ተደርጎ መታየቱ ሠርቶ አደሩን ከጎዱት ልማዶች አንዱ ነው። የውሃ ቦኖ የት ይተከል፣ የዳቦ ዋጋ ይደጎም ወይስ አይደጎም የሚለው ውሳኔ በቁጥር ተደግፎ ይቀርባል፤ ቁጥሩን መርምሮ ለመጠየቅ ባልቻለ ወገን ስም ደግሞ ሌሎች ይናገራሉ። የፖለቲካና የፖሊሲ ጥናት የሚገለገልበትን ይህን ዘዴ መማር ያሻል ስንል ያለ ምክንያት አይደለም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦም የሪፐብሊካኑ አልፍሬድ ላንደን በ57 ከመቶ ገደማ ያሸንፋል ሲል አወጀ። ከ1916 እስከ 1932 የተካሄዱትን አምስት ምርጫዎች አሸናፊ በትክክል የተነበየ መጽሔት ስለነበር ቃሉ ተሰሚነት ነበረው። ሆኖም ፍራንክሊን ሩዝቬልት 61 ከመቶ ያህሉን ድምፅ አግኝቶ ከ48 ግዛቶች በ46ቱ ድል አደረገ። ጆርጅ ጋሎፕ ግን 50 ሺህ ያህል ሰዎችን ብቻ ጠይቆ የሩዝቬልትን አሸናፊነት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከአውቶሞቢል ባለንብረቶች መዝገብ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና አውቶሞቢል የነበረው ማን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ ሥራ አጡና የፋብሪካው ሠራተኛ በአመዛኙ ገና ከመጠየቁ በፊት ከመዝገብ ውጭ ነበር። ይህ የመደብ ትንታኔ ትክክል ቢሆንም ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ፒቨሪል ስኳየር በ1988 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ካርዱ ደርሷቸው ሳይመልሱ የቀሩት ይበልጡን የሩዝቬልት ደጋፊዎች ነበሩ፤ ሁሉም መልሰው ቢሆን ኖሮ መጽሔቱ አሸናፊውን ባልሳተ ነበር። ዝም ያለውም ሰው ቁጥሩን ያዛባል ማለት ነው።

ወጥ ቀማሽ ድስቱን አይጨርስም፤ በሚገባ ካማሰለ አንድ ጭልፋ ይበቃዋል። በስታቲስቲክስ ማማሰል ማለት ናሙናውን በዕጣ መምረጥ ነው። በዚህ መንገድ ከተመረጡና ከመለሱ 1 ሺህ ሰዎች የሚገኘው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው በ3 በመቶኛ ነጥብ ገደማ ቢርቅ ነው። ጋሎፕ ራሱ በኮታ እየመረጠ፣ ጥያቄውንም ቀደም ብሎ አቁሞ፣ በ1948 ቶማስ ዲዊ ሃሪ ትሩማንን ያሸንፋል በማለት ተሳስቷል።

እንግዲህ በየቀበሌው ስብሰባ «አብዛኛው ነዋሪ ደግፎታል» የሚል ሪፖርት ሲነበብ፣ ከማጨብጨብ በፊት እጅ ማውጣት ይገባል። ስም ዝርዝሩ ከየት ተወሰደ? ተከራዩና ደባሉ ተመዝግቧል? ቤት ለቤት የተጠየቀው በሥራ ሰዓት ከሆነስ በፈረቃ ላይ የነበረው ሠራተኛ መልስ የት ገባ?