ጅምር ሕንፃና ያልተጠየቀው ጎረቤት

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ሰፈሮች ግንባታቸው ተጀምሮ ለዓመታት የቆሙ ሕንፃዎች ጉዳይ ከወረዳ እስከ ማዘጋጃ ቤት ሲንከባለል የኖረ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ነዋሪው ሁሉንም “ጅምር ሕንፃ” ቢላቸውም ዓይነታቸው ይለያያል። አንዳንዱ መሠረቱ ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሮ የቀረ ቦታ ነው፤ ሌላው ግንበኞች ስትራክቸር የሚሉት ዓምድና ወለል ብቻ ወጥቶለት ብሎኬት ሳይገባለት የቆመ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ምድር ቤቱ ተለስኖ ለሱቅ ከተከራየ በኋላ ከአናቱ ፌሮ እንደቆመለት የሚኖር ነው። ለአስተዳደሩ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ግንባታውን አቋርጫለሁ ብሎ አያምንም፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ ወለል የሚጨመርበት የቁጠባ ደብተሩ አድርጎ ይመለከተዋልና።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ነገሩን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። የመሠረት ጉድጓዱ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ለግንባታ ተቆፍረው ባልተከደኑ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ሰምጠው እንደሚሞቱ በየክረምቱ እየደጋገመ ያስጠነቅቃል። በመንገድ ላይ የተራገፈ አሸዋና ጠጠር የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል፣ የመወጣጫ አጠናው በዝናብና በፀሐይ ይበሰብሳል፣ ጥበቃ የሌለው ወለልም ቆሻሻ መጣያ ይሆናል። የገጽታ መበላሸት የሚባለው ቅሬታ ከእነዚህ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣ ቢሆንም በአደባባይ ጎልቶ የሚሰማው ግን እርሱ ነው፤ የዚህ ምክንያት ወደ ኋላ ይታያል።

ግንባታ የሚቆምበትን ምክንያት በባለቤቱ ቸልተኝነት ብቻ ማብራራት አይቻልም። ከሚያዝያ 2003 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ስለነበር፣ ለግል ግንባታ የሚተርፈው ገንዘብ ጠብቦ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች በንብረት ዋስትና የሚሰጡት ብድር ለጊዜው ታገደ። የሲሚንቶ እጥረት የዋጋ ንረትን አስከተለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በዶላር የነበረው ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ በመውረዱ፣ ከውጭ የሚገባው የአሳንሰር፣ የመስታወትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋ አሻቀበ። ከቀድሞው የዋጋ ግምት ጋር ተጣጥሞ የተጀመረ ሕንፃ በአዲሱ ዋጋ ሊጠናቀቅ አለመቻሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት ግንባታው ለምን እንደቆመ ቢያስረዳም፣ ቆሞ ሳለ ጉድጓዱ ለምን እንዳልተከደነ አያስረዳም።

ሕጉ ስለ ጊዜ ዝም አላለም። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004፣ ማለትም መሬት ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በውል የሚያዝበትን ሥርዓት የደነገገው ሕግ፣ አነስተኛ ግንባታ እስከ 24 ወር፣ መካከለኛው እስከ 36 ወር፣ ከፍተኛው እስከ 48 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲጠናቀቅ ይጠይቃል፤ በቂ ምክንያት ሲቀርብም የጊዜ ማራዘሚያ ይፈቅዳል። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ ሳያልፍ ቦታውን ለሌላ ለማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው፣ በውርስ ካልሆነ በቀር፣ ሽያጩን በመንግሥት አካል ክትትል ሥር በግልጽ ሥርዓት እንዲያካሂድ ያስገድዳል፤ የዚህ ድንጋጌ ዓላማ መሬት አጥሮ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅን መግታት ነው። ከእርሱ ቀድሞ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውንና ግንባታውን የሚከታተለውን ኃላፊ “የሕንፃ ሹም” ብሎ ሰይሞ ሥልጣን ሰጥቶታል።

ሆኖም የሊዙ የጊዜ ገደብ በውል ላይ የቆመ ስለሆነ ውል የሌለበትን ቦታ አይነካም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ሊዝ እስኪመጣ ድረስ የተያዙት “ነባር ይዞታ” የሚባሉት ቦታዎች፣ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው እስካልተላለፉ ድረስ፣ በአብዛኛው ከሊዝ ውል ውጪ ናቸው። በቆዩ ሰፈሮች ውስጥ የአባቱን ግቢ አፍርሶ ፎቅ የጀመረ ሰው ከግንባታ ፈቃዱ በስተቀር በወራት የተቆጠረ ግዴታ የለበትም ለማለት ይቻላል። ጅምር ሕንፃ ከሰፊው መንገድ ይልቅ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ዕድሜው የሚረዝመው በከፊል በዚህ ነው።

ከዚህ የከበደው ጉድለት ግን የሊዙም የሕንፃውም አዋጆች የሚያነጋግሩት ባለይዞታውንና መንግሥትን ብቻ መሆኑ ነው። ፈቃድ ጠያቂ አለ፣ ፈቃድ ሰጪ አለ፣ ውል ተቀባይና ውል ሰጪም አለ፤ ጎረቤት ግን የሚገባበት በር የለውም። በመሆኑም ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ወደ ወረዳ ሲሄዱ የሚያቀርቡት ጥቆማ እንጂ መልስ የማግኘት መብት ያለው አቤቱታ አይሆንም። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ ይመራቸዋል፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ጉዳዩ የመሬት ነው ይላል፣ የመሬት ክፍሉ ፈቃዱ ገና አላለፈም ይላል፣ ደንብ አስከባሪው ደግሞ ሥልጣኑ ሕገ ወጥ ግንባታን ማስቆም እንጂ የቆመን ግንባታ ማስቀጠል አለመሆኑን ያስረዳል፤ የሚገርመው ሁሉም እውነታቸውን መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል፣ ሕንፃውን ለማስጨረስ ግን ሥልጣን የለውም።

እርምጃ ሲወሰድ የሚወሰደው ከላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ የሚመራው የከተማ አስተዳደር ለዓመታት ታጥረው የቆዩ ከ400 ሄክታር በላይ የሚሆኑ ቦታዎችን ውል ማቋረጡን አስታወቀ። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው ፒያሳ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ለሚድሮክ ኩባንያ ተሰጥቶ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የታጠረው ቦታ ሲሆን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው በዚያው ላይ ነው። የከተማው መስተዳድር በየቀኑ ከመስኮቱ የሚያየው አጥር ይህን ያህል ዘመን ከቆየ፣ ከኮብልስቶን መንገድ ጀርባ ያለው ምን ያህል እንደሚቆይ መገመት አያዳግትም። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማትም በሰፋፊ መንገዶች ዳር ያሉ ሕንፃዎች እንዲታደሱ፣ ቀለም እንዲቀቡና መብራት እንዲገጠምላቸው አድርጓል። ነዋሪዎች አቤቱታቸውን በ“ገጽታ” ስም ማቅረብን የለመዱት በዚህ ይመስላል፤ በጉድጓዱ ምክንያት ያልተሰማ ሰው በቀለሙ ምክንያት ይሰማ እንደሆነ ይሞክራል። ነገር ግን ገጽታ መለኪያ ሲሆን ከመንገድ የማይታየው አጽም መለኪያውን ያልፋል።

ለጎረቤት በር መክፈት የማይሞከር ነገር አይደለም። አየርላንድ የቤት ገበያዋ ከተንኮታኮተ በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ባደረገችው ቆጠራ 2,846 የቤት መንደሮች ያልተጠናቀቁ ሆነው ተገኝተው ነበር። በዚያ አገር የፕላን ሕግ መሠረት፣ መንደሩ ሳይጠናቀቅ ሕጉ ያስቀመጠው የዓመታት ገደብ ካለፈ፣ የነዋሪዎቹ አብላጫ ድምፅ የአካባቢውን ምክር ቤት መንገዱን የሚረከብበትን ሂደት እንዲጀምር ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱም እንዲጀምር ግዴታ አለበት። በ2017 እ.ኤ.አ. ያልተጠናቀቁት ወደ 256 ወርደዋል። ለመውረዱ የገበያው ማገገምና የመንግሥት ገንዘብም ትልቅ ድርሻ ስላላቸው ሁሉን ነገር ለሕጉ መስጠት አይገባም፤ ቁም ነገሩ ግን ጥያቄው ከጥቆማነት ወደ ግዴታነት መሸጋገሩ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው መንገድ የሚገኘው በከተማ ሕጎች ውስጥ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ የሕንፃ ባለቤትን ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ከማድረጉም በላይ፣ የሌላ ሰው ሕንፃ ጉዳት ያደርስብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው ባለቤቱ አደጋውን የሚያስወግድ እርምጃ እንዲወስድ ለመጠየቅ ይፈቅድለታል። ይህ መብት ጉድጓድ ለማስከደን፣ የላላ አጠና ለማስነሣት፣ አጥር ለማጠናከር ይበቃል፤ ፎቁን ለማስጨረስ ግን አይበቃም። ለባለሥልጣኑም የቀረው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ባዶ ቦታ ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል፣ አራት ወለል የወጣለት ስትራክቸር ግን ወይ ገዢ ይፈልጋል ወይ አፍራሽ፣ ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ውሳኔ የጊዜ ማራዘሚያ ሲሆን፣ ማራዘሚያው ሲፈቀድ ጉድጓዱ እንዲከደንና መንገዱ እንዲጸዳ በቅድመ ሁኔታነት ማስጻፍ የሚችል ጎረቤት በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የለም።