የጋራ ኮድ ያለው የሞባይል መተግበሪያ

የጋራ ኮድ ያለው የሞባይል መተግበሪያ ማለት ኮዱ አንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድሮይድም በአይፎንም ላይ የሚሠራ መተግበሪያ ነው። በተለመደው አሠራር የአንድሮይዱ በኮትሊን ወይም በጃቫ፣ የአይፎኑ በስዊፍት ለየብቻ ይጻፋል። ፌስቡክ በ2007 ዓ.ም. ሪአክት ኔቲቭን፣ ጉግል በ2011 ዓ.ም. የፍላተርን የመጀመሪያ ሙሉ እትም ለሕዝብ ለቀቁ። ሪአክት ኔቲቭ የስልኩን የራሱን አዝራሮች ይጠቀማል፤ ፍላተር ግን ሁሉንም ራሱ ይስላል።

ለአገራችን ትልቁ ጥቅም በቀን አቆጣጠር ላይ ይታያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ትኬት የሚቆርጥበት መተግበሪያ ይሠራ እንበል። መንገደኛው «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለውን ስልኩ 8 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። የፍላተር ቋንቋ ዳርት በራሱ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ቀኑን የሚለውጥ ኮድ መጨመር ግድ ነው። እዚህ ላይ የምታሳስተው ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ስለነበረ የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ኮዱ ሁለት ቦታ ተጽፎ አንዱ ይህን ቢረሳ፣ ለአንድ ጉዞ ትኬት የቆረጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ቀን ያያሉ። የጋራ ሲሆን ስህተቱ አንድ ቦታ ታርሞ ያበቃል።

ሆኖም የአይፎኑን እትም ለማዘጋጀት የማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ በኢንተርኔት መከራየት ነው። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ በኮምቦልቻው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚማር ተማሪ በአንድሮይድ መጀመር ያዋጣዋል፤ ማክ ሲያገኝ ያንኑ ኮድ ለአይፎን ያዘጋጀዋል።