ውድ መረብ፣ ርካሽ መረብ፦ የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ዋጋውን የሚመልሰው መቼ ነው?

የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ በጣና ዳርቻ ኑሮውን በመረብ የሚገፋው አስጋሪም ሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ዳር ለመዝናናት ዘንግ ይዞ የሚቆመው አጥማጅ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም በሦስትና በአራት እጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ዕቃ በእርግጥ ከርካሹ ያን ያህል ይሻላል ወይ የሚለው ነው። የሁለቱ ሰዎች ሁኔታ ግን እጅግ ይለያያል፤ ለመዝናናት የሚያጠምደው ሰው ዕቃ ሲመርጥ ቢሳሳት የሚያጣው የዕረፍት ቀኑን ደስታ ሲሆን፣ ኑሮው በዓሣ ላይ የተመሠረተው ግን የቤተሰቡን ጉርስ ያጣል፤ ከዚያም አልፎ በእርሱ ምርጫ የሚጎዳው ሐይቁ ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የዋጋው ጥያቄ መመለስ ያለበት በዕቃው ስም ወይም በማሸጊያው ውበት ሳይሆን፣ ዕቃው በሚሸከመው ኃይል፣ በሚያገለግልበት ዘመንና ሲበላሽ በሚያስከትለው ኪሳራ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ከትናንሾቹ ዕቃዎች መካከል ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው መንጠቆ ነው። መንጠቆ የሚሠራው ከፍ ያለ የካርቦን መጠን ካለው የብረት ሽቦ ሲሆን፣ ሽቦው ተቆርጦ፣ ጫፉ ሾሎና የተያዘው ዓሣ እንዳያመልጥ የሚያግደው ትንሽ ጥርስ ወጥቶለት ከታጠፈ በኋላ፣ በእሳት ግሎ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ይህ ሥራ ብረቱን ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ተሰባሪም ስለሚያደርገው፣ በመጠነኛ ሙቀት እንደገና እንዲለዝብ መደረግ አለበት። ጥሩና መጥፎ መንጠቆ የሚለያዩት በአብዛኛው በዚህ ለዓይን በማይታይ የሙቀት ሥራ ነው፤ ከመጠን በላይ የጠነከረው ድንገት ይሰበራል፣ በቂ ጥንካሬ ያላገኘው ደግሞ ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ይቃናል። እ.ኤ.አ. በ1832 የተመሠረተው የኖርዌዩ ሙስታድ ኩባንያ ከ1877 ጀምሮ መንጠቆን በማሽን ማምረቱ ይህን ሥራ ወጥ እንዲሆን ስላደረገው፣ ዛሬ አስተማማኝ መንጠቆ ከማይታመነው ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ከሌሎች ዕቃዎች ሁሉ ያነሰ ነው። በጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ ግራም በላይ እስከ መመዘን የሚደርስ ዝርያ በመሆኑ፣ በረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ እያንጠለጠለ ለሚያሰግር ሰው በአንድ መንጠቆ ላይ የሚቆጠበው ጥቂት ሳንቲም የአንድ ሌሊት ድካም ሊያሳጣው ይችላል። የመንጠቆን ስለት ለመፈተን ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ይበቃል፤ ጥፍሩን ከያዘ ስል ነው፣ ከተንሸራተተ ደንዟል፤ የደነዘ መንጠቆም በትንሽ ሞረድ ስለሚሳል ወዲያው መጣል የለበትም።

ከመንጠቆው ቀጥሎ ኃይሉን የሚሸከመው ክሩ ነው። በብዛት የሚሸጠው የማጥመጃ ክር የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በዋላስ ካሮተርስ ይመራ የነበረው ቡድን ከፈጠረው ናይለን ነው። ናይለን ውኃ ስለሚመጥ ሲርስ ጥንካሬው በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ የፀሐይ ጨረርም በጊዜ ብዛት ያዳክመዋል። ለስፖርት የሚያጠምዱ ሰዎችን ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር የክርን ጥንካሬ ክሩን አርሶ የሚፈትነው በዚህ ምክንያት ነው። በርካሽ ክሮች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት ውፍረታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አለመሆኑ ነው፤ ክር ደግሞ የሚበጠሰው በደካማው ቦታው ነውና፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ትልቅ ዓሣ በያዘበት ቅጽበት ዋጋ አይኖረውም። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ከፀሐይ ርቆ የተቀመጠና በየጊዜው የሚቀየር ክር ለዓመታት በመስኮት አጠገብ ከተሰቀለው ውድ ክር በእጅጉ ይበልጣል።

ከተራው ናይለን በላይ ዋጋ ከሚጠየቅባቸው ክሮች አንዱ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ነው፤ ይህ ክር ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን ለውኃ የቀረበ ስለሆነ በጠራ ውኃ ውስጥ ከናይለን ያነሰ ይታያል፤ ውኃም አይመጥም። በተራራ ምንጭ በጠራ ወንዝ ውስጥ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ልዩነት ትርጉም ይኖረዋል። በደለል ብዛት ቡናማ መልክ በያዘው በአባያ ሐይቅ ወይም በክረምት ጎርፍ በሚደፈርሰው የጣና ዳርቻ ግን፣ ዓሣው ክሩን የማያየው ውኃው ስለጋረደው እንጂ የክሩ ዋጋ ከፍ ስላለ አይደለም፤ በዚያ የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ አይመለስም። በእርግጥ አብዛኛውን ጊዜ ለክር መበጠስ ምክንያት የሚሆነው የክሩ ዓይነት ሳይሆን ቋጠሮው ነው፤ ያለጥንቃቄ የታሰረ ተራ ቋጠሮ የክሩን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል፣ በትክክል የተጠመጠመና ከመጥበቁ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ የረሰ ቋጠሮ ግን አብዛኛውን ጥንካሬ ይጠብቃል። ይህ ዕውቀት ምንም ዋጋ አይጠየቅበትም።

ስለ ቀሩት ጥቃቅን ዕቃዎች ብዙ መናገር አያሻም። ክር እንዳይከረር የሚሽከረከረው የብረት ማያያዣ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ በውስጡ ጥቃቅን የብረት ኳሶች ያሉት ውዱ ዓይነት በከባድ ጫና ውስጥ እንኳ ይዞራል፤ ርካሹ ግን ሲጎተት ይያዛል። እንደ አምባዛ ተይዞ የሚንከባለል ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ውዱ ዋጋ አለው፤ ለሌላው ትርፍ ነው። ተንሳፋፊ፣ የዕቃ ሣጥንና ያሸበረቀ መያዣ ገንዘብ የማይገባቸው ነገሮች ናቸው፤ በብዙ የአፍሪካ ሐይቆች ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካ ተንሳፋፊ ያላነሰ ያገለግላል። በማጥለቂያው ክብደት ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በብዛት የሚሸጠው እርሳስ መርዛማ ብረት በመሆኑ፣ ብሪታንያ የውኃ ወፎች በመመረዛቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ትናንሽ የእርሳስ ክብደቶችን ከልክላለች። ድንጋይ ይህን ሥራ ያለ መርዝና ያለ ወጪ ይሠራል።

የዋጋው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሐይቆች እውነተኛ ክብደቱን የሚያገኘው ግን በመረብ ላይ ነው። በሐይቆቹ በብዛት የሚሠራበት መረብ በውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ሊያልፍ የሚሞክረውን ዓሣ በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካሉ ሽፋን ላይ የሚይዝ ሲሆን፣ በገበያ ላይ የሚቀርበው በሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ማልቲፊላመንት የሚባለው፣ ከብዙ ቀጫጭን የናይለን ጭረቶች ተከርሮ የሚሠራው ነው። በዚህ መረብ ላይ የሚጻፈው 210 ዴኒየር የሚለው መለኪያ 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ፈትል 210 ግራም ይመዝናል ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ስንት ፈትሎች በአንድ ላይ እንደተከረሩ ያመለክታል። ሁለተኛው ሞኖፊላመንት ነው፤ እርሱ ከአንድ ነጠላ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የናይለን ሽቦ መሰል ክር የተሠራ ነው።

ሞኖፊላመንት ይረክሳል፣ ቀላል ነው፣ በውኃ ውስጥ በቀላሉ አይታይም፤ በአንድ ሌሊት የሚይዘው ዓሣም ብዙ ጊዜ ከተከረረው መረብ ይበልጣል። የሚመርጡት አስጋሪዎች ያለምክንያት አልመረጡትም። ጉድለቱ የሚታየው ሲቀደድ ነው። የተከረረው መረብ ሲቀደድ በመርፌና በፈትል ይጠገናል፤ ጥሩ ባለሙያ እጅ ከገባም ለብዙ ወቅት ያገለግላል። ነጠላው ክር ግን ልሙጥ ስለሆነ በእጅ የታሰረበት ቋጠሮ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጥገናው አድካሚ ይሆንና መረቡ በአጭር ጊዜ ይጣላል። ለስሌት ያህል፣ የተከረረው መረብ የርካሹን ሦስት እጥፍ ዋጋ ቢያወጣና አምስት እጥፍ ዘመን ቢያገለግል፣ በየወሩ ሲካፈል ውድ የሚባለው መረብ ርካሽ ይሆናል። የተጣለው ነጠላ መረብ ግን ሥራውን አያቆምም፤ ናይለን በውኃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለማይበሰብስ፣ ባለቤት የሌለው መረብ ዓሣ እየያዘ ይገድላል፣ የሞተው ዓሣ ሌላውን ይስባል፣ እርሱም በተራው ይያዛል። የቪክቶሪያን ሐይቅ የሚጋሩት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ ሞኖፊላመንት መረብን በሕግ የከለከሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም መረብ ውድ ስለሆነ ብቻ ደህና አይሆንም። የመረብ ዓይን፣ ማለትም መረቡ ተወጥሮ ሲያዝ በሁለት ተቃራኒ ቋጠሮዎች መካከል ያለው ርቀት፣ ጠባብ ከሆነ ጫጩት ዓሣ ሳይወልድ ይወጣል፤ ይህ ጉዳት በየትኛውም ጥራት አይካካስም። ከዚህ ሌላ መረብ ሥራውን የሚሠራው በገመድ ላይ በትክክል ሲሰፋ ነው፤ 100 ሜትር የተወጠረ መረብ በተለመደው አሠራር ግማሽ ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ላይ ተሰብስቦ ይሰፋል፤ ይህም ዓይኖቹ ተከፍተው እንዲቆሙ ያደርጋል። ያለአግባብ የተሰፋ ውድ መረብ በጥንቃቄ ከተሰፋ ርካሽ መረብ ያነሰ ዓሣ ይይዛል፤ ይህንን ማንኛውም የቆየ አስጋሪ የሚያውቀው ቢሆንም፣ አዲስ ገቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚማሩት ገንዘባቸውን ካጡ በኋላ ነው።

ታዲያ ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ርካሹ መረብ ለምን ይገዛል? መልሱ ስንፍና ወይም አላዋቂነት አይደለም። የዕለት ገቢ ብቻ ያለው ሰው ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት አይችልም። መረብ ሌሊቱን ያለ ጠባቂ በሐይቅ ላይ ስለሚያድር ሊሰረቅ ይችላል፤ ሊሰረቅ በሚችል ዕቃ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ደግሞ ለድሃ ሰው አደጋ ነው። በጫሞ አዞ መረብ ይቀድዳል፤ በጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው የእምቦጭ አረም መረብን ይዞ ይነዳል፣ ይጠቀልላል። እነዚህ ምክንያቶች ባሉበት ሁኔታ ርካሹን መምረጥ ለግለሰቡ ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። የአስጋሪዎች ማኅበራት ጥራት ያለውን መረብ በጅምላ ገዝተው በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ቢያከፋፍሉ፣ ሌሊትም በተራ ቢጠብቁ፣ የግለሰቡ ጥቅምና የሐይቁ ጥቅም ሊታረቁ ይችላሉ።

የጣና ታሪክ ይህን ጉዳይ አጣዳፊ ያደርገዋል። በዋነኛነት በደንገል ታንኳ ይካሄድ በነበረው የሐይቁ ማስገር ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ሲገቡ ምርቱ አደገ። ነገር ግን በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙት ዝርያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ማብቂያ በተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹም ከምክንያቶቹ መካከል ዓሦቹ ለመራባት በሚሰበሰቡባቸው የወንዝ አፎች ላይ የሚዘረጋውን መረብ ጠቅሰዋል። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያወጣችው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ለአስጋሪና ለአጥማጅ የሚሰጠው ምክር እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ለመንጠቆ፣ ለደህና ክርና ሊጠገን ለሚችል፣ ዓይኑ ሰፊ ለሆነ መረብ ይውጣ፣ ለሌላው ይቆጠብ። ነጭ ዓሣ በሚራባባቸው በክረምትና በመስከረም ወራት ግን ወደ ጣና በሚገቡት በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ፣ ውድም ይሁን ርካሽ፣ መነሣት አለበት።