ኤኮኖሚ የሚባለው ትምህርት ምንድር ነው

ኤኮኖሚ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ጥንተ ትርጓሜውም የቤት አስተዳደር ማለት ነው። ዛሬ ግን ሰዎች ጥቂቱን ሀብት ለብዙው ጕዳያቸው እንዴት እንደሚያደላድሉትና እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚለዋወጡት የሚመረምር ትምህርት ሆኗል። በአገራችን አስቀድመው በአማርኛ ከጻፉበት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ።

የቆቦ ገበሬ ይህን ትምህርት በስሙ ባያውቀው በሥራው ያውቀዋል። ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመራ ወደ እርሻው ሲያገባ፥ ውሃው ለሁሉ አይበቃምና የትኛው ማሳ አስቀድሞ ይጠጣ ብሎ ይመርጣል። ለማሽላ የሰጠውንም መሬት በዚያው ክረምት ለጤፍ ሊሰጠው አይችልም፤ ስለዚህ ማሽላው ያስወጣው ዘርና ድካም ብቻ ሳይሆን የቀረበት ጤፍም ጭምር ነው። ይህን የኋለኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ነገር ግን እህል መኖሩና እህል ማግኘት አንድ አይደሉም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፥ በራያና ቆቦም ጭምር የደረሰው ረኃብ ይህን አሳይቷል። የህንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚገመተው አለመናሩን፥ ጥቂት እህልም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ መጫኑን ጠቅሷል። የተራበ አገር እህል ይሸጣልን? ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዝናም በቀረ ጊዜ ገበሬው የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። ከብቱን ወደ ገበያ ቢያወጣ ሌላውም እንደ እርሱ ሊሸጥ መጥቷልና ዋጋው ወደቀ፤ አፋሩም ከድርቁ የተረፈውን ከብት ሰጥቶ የሚለውጠው እህል አነሰበት። ገበያም የሚሰማው ብር የያዘውን እንጂ የተራበውን አይደለም፤ ነጋዴውም እህሉን ከፋይ ወዳለበት ይወስደዋል።

ሴንን የሚቃወሙ፥ ዋናው ምክንያት የእህሉ መጥፋት ራሱ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ቢሆንም እህሉን ማን በምን ይገዛዋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሊታለፍ አልተቻለም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና ለቆቦም የተዳረሰው የሴፍቲኔት ሥራ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፤ እርከንና መንገድ ለሠራ ችግረኛ በብር ወይም በእህል ይከፈለዋል። ገበያው ቅርብና እህል የሞላበት ሲሆን ብሩ ይሻላል፤ ዋጋ በናረ ጊዜ ግን ያው ብር የሚሞላው ቁና ስለሚያንስ፥ ሠራተኛው እህሉን ይመርጣል።