ከበሮው ተራው እስኪደርስ

ጥር 15 የሕፃኑ ቂርቆስ በዓል ነው። በአዲስ አበባ፣ ከላንቻ ብዙም በማይርቀው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚቆመው ከሌሊት ጀምሮ ነው። ሠፈርተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግቢው የሚጎርፈው ረፋድ ላይ፣ ታቦት ሊወጣ ሲል፣ ከበሮ ሲደምቅና እልልታው ሲቀልጥ ነው። ያን ጊዜ የደረሰ ሰው የዜማውን እኩሌታ አላገኘውም። ከበሮ በማኅሌት ውስጥ መጨረሻ አካባቢ የሚገባ እንግዳ ነውና።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ትይዩ ይቆማሉ። አንዱን ዜማ መጀመሪያ በቁም ያደርሱታል፤ ከድምፅ በቀር ምንም የለም። ቀጥሎ ያንኑ ዜማ በዝማሜ ይመልሱታል፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፣ ጫፉም መሬቱን እየነካ ምት ይሰጣል። ከዚያ መረግድ ይመጣል፣ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ይገባሉ። በጽፋት ደግሞ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይጨመራል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሚሸከመው አካል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ድግግሞሽ ይመስለዋል። የለመደ ጆሮ ግን ቀጣዩ ምት የት ላይ እንደሚወድቅ እየጠበቀ ይቆያል።

ከበሮው ከእንጨት ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ዋንዛ በብዙ ቦታ ይመረጣል። ሁለቱ አፎቹ እኩል አይደሉም። ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጠን ያለ ድምፅ ያወጣል። ቆዳው ከላይ እስከ ታች በጠፍር ተወጥሮ ይታሰራል፤ መቺው በማንገቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሁለት እጁ ይመታዋል። ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ምሥጢር ያስተምራሉ፤ ጠፍሩ ክርስቶስ የተገረፈበት ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ ምሳሌ ነው ይላሉ።

ጸናጽል ከሁሉም ትንሹ፣ በዕድሜ ግን ምናልባት አንጋፋው ነው። እጀታ አለው፣ በላዩ የታጠፈ የብረት ክፈፍ፣ በክፈፉ ላይ አግድም የተዘረጉ ዘንጎችና እየተንሸራተቱ የሚጋጩ ትንንሽ ቅጠሎች። የጥንት ግብፃውያን ለሐቶርና ለኢሲስ በሚያቀርቡት አምልኮ የቅርብ ዘመዱን ይጠቀሙ ነበር። ዛሬ በድምፅ ማጉያ በሚመራ ማኅሌት ይህ ስስ ሿሿታ ብዙ ጊዜ ይዋጣል፤ ከአስተናጋጆቹ አንዱ የማጉያውን ድምፅ ዝቅ ቢያደርገው ብዙ የሚያመሰግነው ባገኘ ነበር።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ ይነገራል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች የእሱ ናቸው። ዜማው ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር የሚቀርብበት ሥርዓት፣ አቋቋሙ፣ ግን ከእሱ በኋላም ማደጉን አላቆመም፤ ለዚህም ከአለቃ ገብረ ሐና የተሻለ ምስክር የለም። በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቋቸው ብዙ ናቸው፤ የአቋቋም ሊቅ መሆናቸው ግን ከቀልዱ ኋላ ተደብቋል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በጣና ዳር ያለው ደንገል ከማዕበሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው ዝማሜን ወደ ጎን አዘነበሉት። የጎንደር ሊቃውንት ቶሎ አልተቀበሏቸውም። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምሮ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስልቱም እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። አባቱ የፈለሰፈው በልጁ ስም ቀረ።

ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ ሙያ ካነሣን፣ ኔፓል ውስጥ ሠርግ በከበሮ ይደምቃል። «ፓንቼ ባጃ» የሚባለው የአምስት መሣሪያዎች ቡድን፣ በከበሮዎች፣ በጸናጽል መሰል ሳሕኖች፣ በጥምዝ ቀንደ መለከትና ሻሃናይ በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ሙሽራ ያጅባል። የሚጫወቱት ዳማይ የሚባሉት፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያወርሱ ሰዎች ናቸው። የእኛው ማኅሌት መንገዱ ሌላ ነው፤ ማንም ልጅ አቋቋም ቤት ገብቶ ዓመታት በቃል አጥንቶ ሊደርስበት ይችላል። አንዱ በትውልድ፣ ሌላው በትምህርት ይወረሳል።

መስከረም 16 ቀን፣ በደመራ ዕለት፣ የማኅሌቱ ሙያ ወደ መስቀል አደባባይ ይወጣል፤ አደባባዩም የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ከበሮ እየመቱ ይዞራሉ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በደመራው ዙሪያ የሚሰማው አብዛኛው ፈጣኑ ክፍል ነው፤ ሜዳ ላይ ቁም ዜማ ማን ያዳምጣል?

ረጋ ያለውን ለመስማት የሚሻ በዐቢይ ጾም ይሂድ። ያኔ ከበሮውም ጸናጽሉም ተሰቅለው ይቆያሉ፤ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓው፣ የሚዘመመው በመቋሚያና በድምፅ ብቻ ነው።